አይጻፍም ያልኩት

ጤና ረዳት ሆኜ ዲላ ስመደብ የነበረችን አምቡላንስ አንዲት ያረጀች ላንድሮቨር ብቻ ነበረች። የኋላ በሯ አልዘጋ ስለሚል በገመድ እናስረው ነበር። ሾፌሯ ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ይበልጣል። ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ላይ በንግድና በጭነት ሥራ ከኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች የተወለደ ነው። አባቱ የጭነት መኪናዎች ነበሯቸው፤ አብዮቱ ከመጣ በኋላ አንዱም አልቀረላቸውም። ልጅየው ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ ስላልነበረ የመንግሥት ሾፌር ሆነ። እኔ “ጋሼ” እለዋለሁ፤ እሱ “እህት ዓለም” ይለኛል።

እኔ የጌዴኦ ልጅ ነኝ። አባቴ ወንጌላዊ ነበር። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ ጎረቤት ሰብስቦ እቤቱ ሲጸልይ ተያዘና አምስት ወር ታሰረ። በእነዚያ ወራት እናቴ የምትቋጥረውን ስንቅ እስር ቤቱ በር ድረስ ያደርስልን የነበረው ይኸው ሾፌር ነው። ረመዳን ሲገባ እንኳ አላቋረጠም። ራሱ እየጾመ ትኩሱን ምግብ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይነዳ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ያደረግኩት ነገር በምን ሰው ላይ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው።

አደጋው የደረሰው በኅዳር፣ ቡና ቀልቶ መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። የቡና ለቀማ ዘመቻ ታውጆ መምህሩም፣ የቢሮ ጸሐፊውም፣ ከፍ ያሉ ተማሪዎችም በጭነት መኪና እየተጫኑ ወደ ይርጋጨፌ ገጠሮች ይወሰዱ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልክ ተደወለ። ወደ አሪቻ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ዘማቾች የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተገልብጧል። ጋሼና እኔ ያሉንን ሁለት ቃሬዛዎች፣ ፋሻና ጄሪካን ውሃ ጭነን ወጣን።

ስንደርስ የአካባቢው ገበሬዎች ቀድመውናል። በቤታቸው መሰላል ቁስለኞችን ከገደሉ እያወጡ መንገድ ዳር ይደረድራሉ፤ የሞቱትን በእንሰት ቅጠል ሸፍነዋል። ቅርጫቱ፣ ጫማው፣ በየጨርቁ የተቋጠረው ምሳ ቁልቁል ተበታትኗል። ከማን እንደምጀምር ጠፋኝ። አንዲት መምህርት መንገዱ ላይ ተቀምጣ አንድ እግሯን ዘርግታ፣ “አንዱን ጫማዬን አየሽው?” አለችኝ። ደም አላየሁባትም። “ተዪው አሁን፣ የጫማ ጊዜ ነው?” አልኳትና አልፌ ሄድኩ። ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ጊዜም አልፌያት ሄድኩ። ደሟ የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነበር። ዲላ ሳንደርስ ወናጎ ላይ ሞተች።

እኔ ከላይ ስራወጥ ጋሼ ታች ነበር። የኤንትሬው ሾፌር መሪውና ወንበሩ መሃል ተጣብቆ በሕይወት አለ። ሊያወጡት ቢሞክሩ ይጮኻል፤ ስለዚህ ጋሼ በተሰበረው መስኮት ግማሽ አካሉን አስገብቶ፣ የሰውየውን ራስ በክንዱ ደግፎ ተኛ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆየ። ሲነጋገሩ ይሰማኛል፤ የሚሉትን ግን አልሰማሁም። ሰውየው ሲሞት ጋሼ ወጣና ወደ እኛ አልመጣም። የተገለበጠውን መኪና ዞሮ ጎማዎቹ ሥር ጎንበስ እያለ አየ፤ የሆነ ነገር በእጁ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ እጁን በእንሰት ቅጠል ጠርጎ ቃሬዛ ያዘ።

በሳምንቱ በተጠራ ስብሰባ አደጋው የደረሰው በሾፌሩ ስካር ነው ተባለ። የኤንትሬው ሾፌር የቡሌ ሰው ነበር፤ ከአባቴ ጋር አብሮ ይጸልይ የነበረ፣ ጠላ በአፉ ዞሮ የማያውቅ። ዲላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ብዙ አልነበረም። ሆኖም ልጁን የቀበረ አባት የሚጠላው ሰው ያስፈልገዋል፤ ስሙም ተነገረው፤ ያመነ አመነ፣ ያላመነም ዝም አለ። ለቅሶው ላይ የተቀመጠ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሚስቱ አርባው ሳይወጣ ቤቷን ዘግታ ወደ ቡሌ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች።

ለእኛ ደግሞ ለቅሶ የሚደርሰን አልነበረም። ሟቾቹ ዘመዶቻችን አይደሉ። ድንኳን አልተተከለልን፤ ማንም መጥቶ “እግዜር ያጽናችሁ” አላለን። በማግስቱ ክትባት ላይ ተመደብኩ። ጋሼ ግን ሲለወጥ አየሁት። ሜዳ ላይ ሳይቀር ፍሬን ይረግጣል። ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ጭነን እንኳ ቁልቁለት ሲመጣ ወርዶ ጎማዎቹ ሥር ያያል። “ጋሼ፣ ሴትየዋ ልትወልድ ነው” ስለው “አውቃለሁ፣ አውቃለሁ” ይልና ሌላኛውን ጎማ ለማየት ይዞራል። አንድ ቀን፣ “እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?” አለኝ። እኔ ስለ መምህርቷ ጫማ እንዳያነሣብኝ ፈርቼ፣ “አይዞህ ጋሼ፣ የሆነው ሆነ፤ እንርሳው” አልኩት። ሳቅ ብሎ ማርሽ አስገባ።

ሥልጠናው የመጣው በጥር ነው። ከአዲስ አበባ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ተላከች፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። ቀጠን ያለች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ነበረች። የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ወደ ሃያ የምንሆን ተሰበሰብን፦ ጤና ረዳቶች፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎች፣ ከየቀበሌው የመጀመሪያ ዕርዳታ የተማሩ ሰዎች፣ ሁለት ፖሊሶች። ፋሻና የአጥንት መደገፊያ እንጨት ስንጠብቅ፣ ሲስተር አግዳሚ ወንበሮቹን አስነሥታ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረገች።

“የተሰበረ አጥንት ማሰር ታውቃላችሁ” አለች። “እኔ የመጣሁት ለሌላ ነገር ነው። አደጋ ላይ ያለ ሰው ምን ይላችኋል? እናንተስ ምን ትሉታላችሁ?”

አንዱ ፖሊስ፣ “አይዞህ ነዋ የምንለው” አለ።

“አይዞህ መልካም ቃል ነው። ግን ብዙ ጊዜ ‘ዝም በል’ ማለታችን ነው። መጀመሪያ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ስማችሁን ንገሩት፤ ስሙን ጠይቁት። ትንሽ ነገር ከጠየቃችሁ፣ ውሃም ይሁን ኮፍያ፣ ስጡት። ያ ትንሽ ነገር ለእሱ ትንሽ አይደለም።”

ጫማውን አሰብኩ። አንገቴን ደፍቼ የወንበሩን እግር ሳይ ቆየሁ።

በሁለተኛው ቀን ስለ ራሳችን ሆነ። አደጋ ላይ አብረው የዋሉ ሁለት ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ ተገናኝተው መጠያየቅ አለባቸው አለች፦ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እህል ይገባልሃል ወይ? ምን አየህ? “መልስ እንድትሰጡት አይደለም። አትምከሩት፣ አትገሥጹት። ስሙት። እዚህ የተባለውም እዚሁ ይቀራል።” ጥንድ ጥንድ አድርጋ አለማመደችን። የእኔ ጥንድ ጋሼ ነበር። “እንቅልፍ ይወስድሃል?” ብዬ ስጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝና፣ “አይወስደኝም” አለ። እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ ለመጠየቅ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአውራጃው ካድሬ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ቀይ ሽፋን ያለው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ነበር። ሲስተር ያለችውን ሰምቶ ፈገግ አለ። “ይህማ እኛ ግለ ሂስ የምንለው ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም። ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው ማነው?”

“ቃለ ጉባኤ አይያዝለትም፣ ጓድ” አለች ሲስተር። “ሕክምና ነው።”

“ሃያ ሰው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ የሌለው ስብሰባ በአውራጃችን አይታወቅም።” ዞሮ ወደ እኔ ጠቆመ። “አንቺ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። ያዢ።” ሲወጣ አጠገቤ ቆም ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ፣ “አባትሽ ደህና ናቸው? ከተፈቱ በኋላ ጤናቸው ተመለሰ?” አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት። “ጥሩ። እንደዚያው ይቀጥሉ” ብሎ ሄደ።

ሲስተር ስንበተን ጠርታኝ፣ “የትምህርቱን ርዕስ ብቻ ጻፊ። ሰው የሚናገረውን አትጻፊ” አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ለሁሉም ነበር የምለው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሲስተር፣ የሚናገር ካለ ይናገር፣ የማይፈልግ አይገደድም አለች። አንድ ቃሬዛ ተሸካሚ ስላወጣት ልጅ ተናግሮ አለቀሰ። አንዱ ፖሊስ ተናገረ። ከዚያ ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ። የእኔን እስክሪብቶ እያየ፣ “ይሄ ይጻፋል እንዴ፣ እህት ዓለም?” አለ።

“አይጻፍም፣ ጋሼ” አልኩት። እስክሪብቶዬን ደብተሩ ላይ አስተኛሁት፤ ሁሉም አየኝ። በዚያች ሰዓት እውነቴን ነበር።

ተናገረ። የኤንትሬው ሾፌር ክንዱ ላይ ሆኖ ምን እንዳለው ተናገረ። ያን ቀን ማለዳ፣ “ፍሬኑ አይዝም፤ ሰው አልጭንበትም” ብሎ ቁልፉን ለዘመቻው ኃላፊ አስረክቦ ነበር። ኃላፊው፣ “ዘመቻ ማደናቀፍ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?” ብሎ ቁልፉን መልሶ እጁ ውስጥ ከተተለት። ጋሼ ይህን ከሰማ በኋላ መኪናውን ዞሮ አይቶታል፤ የፍሬኑ ቱቦ በቁራጭ ጎማ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። “ወላሂ በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ። ሰውየው ‘ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ለሚስቴ ንገርልኝ’ አለኝ። አደራ አለኝ። እኔ ግን ሰክሮ ነው ሲባል እስብሰባው ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። አጨበጨብኩም። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ።”

ሲስተር ተነሥታ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ትከሻው ወረደ። የተማርነው ነገር እንደሚሠራ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሌላ ጊዜ አላየሁም።

ሲስተር በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። እኔ በዚያው ቀን ካድሬው ቢሮ ተጠራሁ። የቃለ ጉባኤ ደብተሬን ተቀብሎ ገለጠና በጣቱ መታ አደረገው። “እዚህ ላይ ገጹ ባዶ ነው።”

“ዕረፍት ነበር፣ ጓድ።”

“ዕረፍት አልነበረም። ማን ምን እንዳለ ትናንት ማታውኑ ሰምቻለሁ። ከሃያ ሰው አንድ የሚያስብ አይጠፋም። እኔ የምፈልገው በጽሑፍ ነው፤ ከጸሐፊዋ እጅ።” ወንበር ሳበልኝ። “አባትሽ ሲፈቱ ዋስ የሆንናቸው እኛ ነን። ይህን እንዳትረሺ ብዬ ነው።”

ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የረሳሁት ቃል አልነበረም። “በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ” የሚለውን ጻፍኩ። “አጨበጨብኩ” የሚለውን ጻፍኩ። ሥራዬን ሳላጓድል፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ባዶውን ገጽ ሞላሁት። ካድሬው ቀድሞ ሰምቶ ስለነበር የእኔ መጻፍ ምንም አልለወጠም ብዬ ራሴን ያታለልኩባቸው ዓመታት ነበሩ። እውነቱ ግን ወሬ ብቻውን እንደማያሳስር፣ ወረቀት ግን እንደሚያሳስር አውቅ ነበር።

ጋሼን የወሰዱት በሦስተኛው ቀን፣ ግቢያችን ውስጥ ላንድሮቨሯን ሲያጥብ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እንደጠቀለለ ሄደ። ሲያልፍ አየኝ። የአዳራሹ ሰዎች ሁሉ በየሥራችን ነበርን። እኔ የሙቀት መለኪያ እያጠብኩ ነበር።

በዓመቱ ሲስተር ለሁለተኛ ዙር መጣች። አዳራሹ ያው ነው፤ እኛም ከጥቂቶች በቀር ያው ነን። ወንበሮቹን ክብ አስደረገችና እያንዳንዳችንን በፈገግታ እያየች ዞረች። ከዚያ፣ “የአምቡላንሱ ሾፌርስ? ዛሬ ጉዞ ላይ ነው?” አለች።

አንዱ አሳለ። አንዱ ፖሊስ ኮፍያውን አስተካከለ። ሲስተር አንድ በአንድ አየችን፤ መጨረሻ ላይ ዓይኗ እኔና ደብተሬ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ እኔ ቀና ብዬ አላየሁም፣ ግን ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ማስታወሻዋን ከደነች። “ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው መልሱ” አለች። ያን ቀንና የቀሩትን ሁለት ቀናት የፋሻ አጠቃለል አስተማረችን። እጅግ አድርጋ ጠንቅቃ አስተማረችን፤ የክርን፣ የጉልበት፣ የራስ ቅል። አንዴም ምን አያችሁ ብላ አልጠየቀችንም። ስትሄድ አልተሰናበተችኝም።

ጋሼ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ተፈታ። ሥራውን አልመለሱለትም። በወንድሙ ሱቅ ጨውና ሳሙና መሸጥ ጀመረ። እኔ ገበያ ስወጣ በማዶ በኩል አልፍ ነበር። አንድ ቅዳሜ እግሬ ይሁን ሌላ ነገር ወደ ሱቁ ወሰደኝ። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ሁለት የፊት ጥርሱ የለም።

“ጋሼ፣ የምነግርህ ነገር አለ” አልኩት።

“ገጹን አሳይተውኛል” አለ ሚዛኑን እየጠረገ። “የበሽተኛ ካርድ ስትጽፊ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ጽሑፍሽን አላጣውም።”

“ስለ አባቴ ነው።”

“አውቃለሁ። አባትሽ ደግ ሰው ናቸው። እኔም ልጅ ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ።” ፊቱን ቀና አደረገ። “ግን ይቅር በለኝ እንዳትዪኝ። ካልሽኝ ይቅር ብዬሻለሁ እላለሁ፤ ውሸት ይሆናል። በዚህ ዕድሜዬ እዚህ ሱቅ ውስጥ ቆሜ መዋሸት አልፈልግም።”

አንዲት ሴት ጨው ገዝታ ሄደች።

“የሰውየው አደራ አንገቴ ላይ ነው” አለ ቆይቶ። “ከዲላ እንዳልወጣ አስፈርመውኛል። አንቺ የአገሩን ቋንቋ ታውቂያለሽ፤ ቡሌ ሂጂና ለሚስቱ ንገሪልኝ። እሱን አድርጊልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።”

እሺ አልኩት። ወዲያው ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ስድስት ወር አሳለፍኩ። አንዴ ዝናብ ነው፣ አንዴ ተረኛ ነኝ፣ አንዴ የመንገዱ ጭቃ። በመጨረሻ በየካቲት ሄድኩ። ቡሌ ከዲላ ይልቅ ይበርዳል፤ መኪናው ካወረደኝ ቦታ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ወጣሁ። ሴትየዋን ከቤቷ ጀርባ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። ጣውላው ላይ ያስደገፈችውን የእንሰት ልጥ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች እየሳበች፣ ፊቷን እንኳ ሳታነሣ ሰላምታዬን መለሰች። በጌዴኦኛ ነገርኳት። ባሏ ሲሞት ብቻውን እንዳልነበረ፣ ራሱን የደገፈው ሰው እንደነበረ፣ ፍሬኑ እንደማይዝ አስቀድሞ መናገሩን፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለቱን።

መፋቂያዋ ቆመ።

“ይህን ልትነግሪኝ ነው ይህን ሁሉ የመጣሽው?” አለች።

“አዎ።”

“እኔማ አውቀው ነበር። ያን ቀን ጠዋት ቁልፉን ሊያስረክብ ሲወጣ ነግሮኝ ነው የሄደው። ሰክሮ ነው ያሉት ለእኔ አይደለም፤ ለእነዚያ ልጆቻቸው ለሞቱባቸው ነው። እነሱ ናቸው የማያውቁት።” እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “ይህን የሰማ ሌላ ሰው አለ?”

“ራሱን የደገፈው ሰው አዳራሽ ውስጥ ተናግሮታል። በዚያ ታሰረ።”

“ስንት ሰው ነበራችሁ?”

“ወደ ሃያ።”

“ሃያ ሰው” አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ የሆነ ነገር እንደምትቆጥር ሰው ነበር ድምጿ። “ሃያ ሰው ሰምቶ፣ ለሞተችው መምህርት እናት የነገረ የለም? ዲላ ላይ ከእኔ ቤት ሦስት አጥር እልፍ ብላ ነበር የምትኖረው። ቤቴ በር ላይ ድንጋይ ወርውራብኛለች።”

መምህርቷ ጫማዋን የጠየቀችኝ መሆኗን አልነገርኳትም። የተረፈኝ ነገር እሱ ብቻ ይመስል ያዝኩት። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ዝናብ ሳይጥል ልውረድ ብዬ ተነሣሁ። ቤት ግቢ አላለችኝም፤ እስከ አጥሩ ድረስም አልሸኘችኝም።

ዲላ ተመልሼ ለጋሼ መልእክቱን አድርሻለሁ አልኩት። ምን አለች አለኝ። አመስግናሃለች አልኩት።